«በሩን ዘግታችሁ እረፉ» ለሚሉን

ሰሞኑን አንድ የንግድ ሥራ አሠልጣኝ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ምክር ሲሰጡ «ገበያ ሲቀዘቅዝ በሩን ዘግታችሁ እረፉ፤ የተዘጋ በር ወጪ የለውም፤ ትልልቆቹ ድርጅቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማጨብጨቡ አይገርምም፤ ለደከመ ሰው «እረፍ» የሚል ምክር መቼም ቢሆን ይጥመዋል። የሚገርመው ጭብጨባው ከበረደ በኋላ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ «ኪራዩንስ ማን ይከፍልልናል?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ኪራይ፣ የብድር ወለድና የጥበቃ ደመወዝ በሩ ቢከፈትም ቢዘጋም ይቆጥራሉ። መዝጋት ሊያስቀር የሚችለው ከሽያጭ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርደውን ወጪ ብቻ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ አስቀድሞ ቀንሷል። እንግዲህ በሩን የዘጋ ነጋዴ የሚያድነው ቀድሞውንም የዳነውን ገንዘብ ነው፤ በምትኩ የሚያጣው የቀረችውን ጥቂት ሽያጭና «ይህ ቤት ሲመጡ አይገኝም» ብሎ መንገድ የሚቀይረውን ደንበኛ ነው። ይህን ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አሠልጣኝ ለመሆን ግን ቢያንስ ይህን ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

የትልልቆቹ ድርጅቶች ምሳሌ ደግሞ የሚመሰክረው በራሳቸው በአሠልጣኙ ላይ ነው። የአውሮፓ የመኪና ፋብሪካዎች በሐምሌና በነሐሴ የማምረቻ መስመሮቻቸውን ሲያቆሙ የጥገና ባለሙያዎች ይገቡባቸዋል፤ በሥራ ላይ እያለ ሊነካ የማይችለው ማሽን ይፈታል፣ ለአዲሱ ሞዴል የሚያስፈልገው ይተከላል። የነዳጅ ማጣሪያዎችም በየጥቂት ዓመቱ ለሳምንታት የሚቆሙት ታንኩና ቧንቧው ከውስጥ እንዲመረመር ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት በግቢው ውስጥ የሚርመሰመሰው ሠራተኛ ከወትሮው እጅግ ይበዛል። ይህ ዕረፍት ከተባለ፣ እኔም በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚያደክመው ሥራ ዕረፍት መባሉን ዛሬ ሰማሁ።

ለአነስተኛ ነጋዴ የዚህ ጥገና አቻው ቆጠራ ነው። ቆጠራ ስል በዓመቱ መጨረሻ ለግብር ሲባል በግምት የሚሞላውን ቅጽ ማለቴ አይደለም፤ ከመደርደሪያው ላይ እያንዳንዱን ዕቃ አውርዶ፣ በእጅ ቆጥሮ፣ ከቢን ካርዱ፣ ማለትም የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ከሚጻፍበት ካርድ ጋር ማስተያየትን ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የሁለትዮሽ ሒሳብ አያያዝን፣ ማለትም እያንዳንዱ ግብይት ሁለት ቦታ የሚመዘገብበትን ዘዴ፣ ለነጋዴ ሲያስረዳ ከደብተርም ከመዝገብም አስቀድሞ ያዘዘው ያለውን ሀብት ሁሉ ቆጥሮ መጻፍን ነበር። በዚያ ላይ የጨመረው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ቆጠራው በአንድ ቀን ይለቅ፣ አለዚያ ወደፊት ችግር ይመጣል የሚል ነው። ከ500 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ማስጠንቀቂያ ዛሬም አንድ ፊደል አልተሻረበትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጠዋት ከላይኛው መደርደሪያ የተቆጠረ ካርቶን ከሰዓት ወደ ታች ወርዶ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ገና ያልተቆጠረው ደግሞ ሳይመዘገብ ተሽጦ ይወጣል። ቆጠራ ዕቃው እንዲረጋ ይፈልጋል፤ ዕቃው የሚረጋው ገበያው ሲረጋ ነው። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ ሲሻው የኖረው ጸጥታ በነጻ ሲመጣለት ቁልፉን ይዞ እንዲሄድ ይመክሩታል!

በአንድ የቧንቧ ዕቃ መደብር ቆጠራ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የባለ ሦስት ሩብ ኢንች መገጣጠሚያ ካርድ 40 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት 3 ናቸው። ሻጩ «ሊያልቅ ነው» ስላለ ባለቤቱ አዲስ ዕቃ አዝዟል፣ ቀብዱንም ከፍሏል። ከላይ አቧራ የጠጣ ካርቶን ሲወርድ፣ «ግማሽ ኢንች» ተብሎ በተጻፈበት ውስጥ 33ቱ ተኝተዋል። የቀሩት 4ቱ ጥርሳቸው ተሰንጥቆ ደንበኛ የመለሳቸው ናቸው፤ ከባንኮኒው ሥር ባለ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኙ፤ ለአቅራቢው ተመልሰው ሊቀየሩ የሚችሉበት ጊዜ ግን አልፏል። ሦስት ሠላሳ ሦስትና አራት፣ አርባ። ሌባ አልነበረም፣ ዕዳም አልነበረም፤ የነበረው ማንም ለማየት ጊዜ ያላገኘበት ካርቶን ነው። ይህ የተገኘው ሦስት ደንበኛ ብቻ በገባበት ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያ ቀን ባለቤቱ ካርዱን ከቆጣሪው እጅ ወስዶ መያዙ እንዲሁ ክፋት አልነበረም። 40 የሚለውን ቁጥር አስቀድሞ ያየ ሰው 40 ያገኛልና፤ የሚቆጥረውና የሚመዘግበው ሰው የተለያዩ ሊሆኑ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ቁም ነገር የታሰረ ገንዘብ ነው። የጣሊያኑ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቪልፍሬዶ ፓሬቶ በሀብት ድልድል ላይ ያስተዋለው የጥቂቶች ድርሻ የመብዛት ነገር በመደብርም ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ አብዛኛውን ሽያጭ የሚሸከሙት ጥቂት የዕቃ ዓይነቶች ናቸው። የቀረው ዕቃ ቦታ ይይዛል፣ ያረጃል፣ ካፒታሉም የተበደረ ከሆነ ነጋዴው ለአቧራ ወለድ ይከፍላል። የትኛው ዕቃ ሠራተኛ፣ የትኛው ተጧሪ እንደሆነ የሚለየው በቆጠራ ብቻ ነው፤ ሌላ መንገድ አለ የሚለኝ ሰው ቢኖር ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ነው እላለሁ።

«ከመቁጠር ቅናሽ አድርጎ መሸጥ» የሚሉም አሉ። ከመቶው ሽያጭ 30 የሚያተርፍ ነጋዴ ዋጋውን በ10 በመቶ ሲቀንስ ትርፉ 20 ይሆናል፤ የቀድሞውን ያህል ለማግኘት ታዲያ የሚሸጠውን ብዛት በ50 በመቶ ማሳደግ አለበት፣ ያውም ደንበኛ በጠፋበት ወቅት። ቅናሹ ለሞተው ዕቃ ብቻ ቢሆን ያዋጣ ነበር፤ የቱ እንደሞተ ለማወቅ ግን መጀመሪያ መቁጠር ነው። የዱቤ መዝገቡም እንዲሁ ነው፤ ዕዳ በቆየ ቁጥር ለመሰብሰብ ይከብዳል፣ ለባለዕዳው በትህትና ለመደወል የሚበቃ ትዕግሥትም በግርግር ቀን አይገኝም።

ባለቤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛ፣ ልጆቹንም ይይ፤ ይህን አልከለክልም። ወር ሙሉ ግን ሌላ ነገር ነው። አሠልጣኙን ሰምቶ የዘጋው ነጋዴ ገበያው ሞቅ ሲል ይከፍታል፣ ወረፋውም ይሰለፋል፤ የመጀመሪያው ደንበኛ «ሦስት ሩብ ኢንች አለህ?» ይለዋል፤ እሱም አንገቱን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አቅንቶ «ቆይ እስቲ ልይልህ» ይላል።