መኪና በስም ይጠራ ወይስ በቁጥር?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባን እየሞላ ነው። አብሮትም አዲስ አጠራር መጣ፦ የፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ የቶዮታ ቢዜድ4ኤክስ። ይህ አጠራር ይጠቅመናል? ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። (የውጭ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በስም ይጠራ

ቶዮታ በ1966 ኮሮላ የሚል ስም አወጣ። ሞዴሉ ስንቴ ተቀያየረ፤ ስሙ ግን ዛሬም አለ። አያትም የልጅ ልጅም ኮሮላ ሲባል ይገባቸዋል። ያው ቶዮታ ለኤሌክትሪክ መኪናው ያወጣውን እዩት፦ ቢዜድ4ኤክስ። እስቲ ይህን ለጋራዥ በስልክ ንገሩ! ራሱ ኩባንያው እንኳ አሜሪካ ውስጥ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ "ቢዜድ" ብሎ አሳጥሮታል። ፎልክስዋገንም በ2025 መጪዋን ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ ፖሎ እንደሚላት አስታወቀ። ፖሎ ከ1975 ጀምሮ የሚታወቅ ስም ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ገዢው ነው። አይዲ 6 ቻይና ውስጥ የሚሠራው በሁለት የተለያዩ የሽርክና ኩባንያዎች ነው። የአንዱ አይዲ 6 ክሮዝ ይባላል፣ የሌላው አይዲ 6 ኤክስ። ፊታቸውም ኋላቸውም አይመሳሰልም። ሻጩ "አይዲ 6" ብቻ ካለህ የየትኛውን ፓራውልት ልትፈልግ ነው?

በቁጥር ይጠራ

ወንድሜ፣ እኔም የቆምኩት ለገዢው ነው። ከኮሮላና ከካምሪ የቱ እንደሚተልቅ ስማቸው አይነግርህም። አይዲ 3፣ አይዲ 4፣ አይዲ 6 ስትል ግን ማንም ይገባዋል።

ስም ደግሞ ይጸናል ያለው ማነው? እኛ ቪትዝ የምንላት መኪና አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ነበረች። በ2020 ጃፓንም ቪትዝን ትታ ያሪስ አለቻት። ዶልፊንንም ተመልከት። እኛ ዘንድ የቶዮታ ሚኒባስ ነው፤ አሁን ደግሞ የቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። "ዶልፊን ይሸጣል" ሲባል የቱ ነው?

ፊደልና ቁጥርም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ዲኤክስን የማያውቅ አለ? ቪ8ስ?

በስም ይጠራ

እህቴ፣ ዲኤክስም ቪ8ም መኪናው ላይ የተጻፉ የደረጃና የሞተር መለያዎች ናቸው፤ መጠሪያ ያደረጋቸው ሕዝቡ ነው። ኩባንያው ኮሮላ፣ ላንድክሩዘር ብሎ ነው የሰየማቸው።

ቁጥር ሥርዓት አለው የምትይውን አውዲ ሞክሮታል። ሙሉ ቁጥር ለኤሌክትሪክ፣ ጎዶሎ ለነዳጅ አለ። በዚህ የተነሳ የድሮው ኤ4 ተተኪ ኤ5 ተባለ። ኤ4ን ለዓመታት የነዳ ሰው መኪናው ወዴት እንደሄደ ግራ ገባው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው ራሱ ሥርዓቱን ተወው።

በቁጥር ይጠራ

አውዲን የጎዳው ቁጥር መጠቀሙ ሳይሆን ቁጥሩን መቀያየሩ ነው። የቢኤምደብሊው 3 ሲሪየስ ከ1975 ጀምሮ 3 ነው፤ 5ም ከ1972 ጀምሮ 5። ደንበኛው አልተደናገረም።

የክሮዝና የኤክስ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ እዚያ ላይ እውነት አለህ። መፍትሔው ግን ሌላ ስም ማውጣት አይደለም። ሻጭ ማስታወቂያው ላይ ሙሉ መጠሪያውን፣ የባትሪውን መጠንና የተመረተበትን ዓመት ይጻፍ። ገዢም ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ይጠይቅ።