ኩበት ማንደድ የበጀት ጉዳይ ነው

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ወደ ባሶና ወራና ወይም ወደ መንዝ የሄደ ሰው በየደጁ የተከመረ ኩበት ያያል። ደጋው ብርድ ነው፣ ማገዶ ውድ ነው፣ ባህር ዛፉም ከምድጃ ይልቅ ለገበያ ይቆረጣል። ስለዚህ እበቱ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ይነዳል።

የነደደ እበት ፍግ አይሆንም። ሰብል የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የገብስ ማሳው ሲሳሳ ገበሬው ዩሪያ ይፈልጋል፤ ዩሪያው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ዋጋው ሲንር ደግሞ መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ይደጉማል። በየቤቱ የራሳችን ማዳበሪያ እየነደደ በሕዝብ ገንዘብ የሰው አገር ማዳበሪያ እንገዛለን። ማዳበሪያው የግብርና ሚኒስቴር፣ ምድጃው የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የሚችለው ገንዘብ ሚኒስቴር ነበር፤ እሱ ግን በጀቱን የሚያዘጋጀው በመሥሪያ ቤት ከፋፍሎ ነው። የ2018 የፌዴራል በጀት 1 ነጥብ 93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛው ወጪ የአየር ንብረት ግባችንን እንደሚያግዝ፣ የትኛው እንደሚያፈርሰው ለይቶ የሚያሳይ ዓምድ ቢኖረው፣ ይህ የኩበትና የዩሪያ አዙሪት ገና በረቂቁ ላይ ይታይ ነበር።

ምድጃን ከአየር ንብረት ግብ ጋር ማያያዝ ለመንግሥት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ2004 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ የገጠር ምድጃን ማሻሻል ነበር። የታክስ ፖሊሲው ዓይን ያረፈው ግን መኪና ላይ ነው። በ2014 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረጉ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አልቃወምም፤ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ይመነጫል፣ ነዳጁን የምንገዛው በዶላር ነው። ነገር ግን ቀረጥ የተቀነሰለት ሰው መኪና መግዛት የሚችል ሰው ነው። ለመንዟ መሐል ሜዳ እናቶች ምጣድና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የዚያን ያህል ሲታሰብ አላየሁም።

ሰላም በራቀበት ጊዜ ስለ ምጣድ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ማዳበሪያ ግን በዚህም ጊዜ እየተገዛ ነው።

የችግኙም ነገር ያው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ተከላውም በዚያው ሰሞን ይጧጧፋል። ለሪፖርት የሚመቸው የተተከለው ቁጥር ስለሆነ ገንዘቡና ጉልበቱ ክረምት ላይ ያልቃል። ችግኙ የሚሞተው ግን በበጋ ነው፤ ውርጩ ያቃጥለዋል፣ ልቅ ግጦሽ ይጨርሰዋል። ለጥበቃና ለእንክብካቤ ራሱን የቻለ በጀት ካልተያዘ፣ በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያው ጉድጓድ ላይ እንደገና ወጪ እናወጣለን።

ጥበቃ ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድር ቄሮ በተባለ ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ፣ ሣሩን ከልሎ በወቅቱ ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፣ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ ላይ ያገገመው ማኅበረሰቡ ራሱ ጥበቃውን መልሶ በማቋቋሙ ነው። ከዚያ የሚወርደውን ምንጭ የሚጠጣው የቆላው ሰው ነው፤ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ነው፤ የጥበቃው ድካም ግን የመንዝ ሰው ነው።

የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያም ቢሆን የሚታሰበው በመሬቱ ስፋት ነው። እርከኑን የጠገነና ማሳውን ለጎርፍ የተወ እኩል ይከፍላሉ። እርከን ላለው ክፍያው ቢቀነስ ወረዳው የሚያጣው ገቢ ትንሽ ነው፤ አፈሩ ወደ ጀማ ወንዝ ከሄደ በኋላ ለመመለስ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

እኔ የምጠይቀው በአንድ ወረዳ የሚሞከር ነገር ነው። ከማዳበሪያው ድጎማ ጥቂቱ ተቀንሶ መብራት ባለበት ለኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በሌለበት ለማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የዚያ ወረዳ የዩሪያ ፍላጎት ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካ፤ ውጤቱም በሰኔ ከበጀቱ ረቂቅ ጋር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቅረብ።