የአስመራዋ ባቡር ለፎቶ ብቻ አትነሳ

ስለ ምጽዋና አስመራ የእንፋሎት ባቡር በአማርኛ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር በጉጉት እከፍተዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ወይ ትዝታ ነው ወይ ፖለቲካ። ስለ ማሽኗ ራሷ፣ ያን ተራራ በምን ብልሃት እንደምትወጣ የሚነግረኝ ብዙም አላጋጠመኝም። እኔ ግን ከምንም በላይ ሊወራለት የሚገባው እሱ ይመስለኛል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ዝም ያለች ባቡር እንደገና ልታፏጭ የቻለችው በአሠራሯ ምክንያት ጭምር ነውና።

መንገዱን እናስበው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በጣም ዳገታማ በሆነው ቦታ በየመቶ ሜትሩ ሦስት ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። ለመኪና ይህ ምንም አይደለም። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር ግን፣ ያውም ጉም ሐዲዱን ባረጠበው ጠዋት፣ መንኮራኩሩ ባለበት መሾር ይጀምራል። ሐዲዱ ደግሞ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተራራውን የሚዞረው በጠባብ ጠመዝማዛ በመሆኑ ረጅም ሎኮሞቲቭ (ባቡሩን የምትጎትተው ማሽን) ኩርባው ላይ ትቀረቀራለች፤ አጭሯ ደግሞ ጉልበት ያንሳታል።

መፍትሔውን ያገኘው አናቶል ማሌ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በእ.ኤ.አ. ናቸው)። በአንድ ቦይለር፣ ማለትም ውኃው ፈልቶ እንፋሎት በሚሆንበት ጋን ሥር ሁለት ሞተር አስቀመጠ። የኋለኛው ከዋናው አካል ጋር ተጣብቋል፤ የፊተኛው ግን በማጠፊያ እንደተያዘ በር ግራና ቀኝ ይዞራል። ስለዚህ ማሽኗ ኩርባው ላይ ወገቧን ታጥፋለች።

በዚህ ስልት የተሠሩትን፣ 442 የሚል የሞዴል ቁጥር ያላቸውን የአስመራ ሎኮሞቲቮች ፎቶ ያገኘ ሰው ከጎን ይያቸው። በአንድ ጎን ሁለት ሲሊንደር፣ ማለትም እንፋሎቱ ገብቶ የሚገፋባቸው ቱቦዎች ይታያሉ፤ የፊተኛው ከኋለኛው በግልጽ ይወፍራል። ምክንያቱ ደስ ይላል። ከቦይለሩ የወጣው ኃይለኛ እንፋሎት መጀመሪያ የኋለኛውን ቀጭን ሲሊንደር ይገፋል። እዚያ ሲጨርስ በጭስ ማውጫው አይለቀቅም፤ በቧንቧ ወደ ፊት ሄዶ ለሁለተኛ ጊዜ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ግፊቱ ስለቀነሰና መጠኑ ስለሰፋ ሰፊ ሲሊንደር ያስፈልገዋል። ሌላም ነገር አለ፦ የሚተጣጠፈው መገጣጠሚያ ውስጥ የሚያልፈው ይህ የደከመው እንፋሎት ብቻ ስለሆነ፣ መገጣጠሚያው ትንሽ ቢያፈስ እንኳ የሚባክነው ጥቂት ነው። እንዲህ አርቆ ያሰበን ሰው አለማድነቅ ያስቸግራል።

ውኃዋንና የድንጋይ ከሰሏን የምትሸከመውም ራሷ ነች። በትልልቅ መስመሮች እንደሚታየው ከኋላ የሚጎተት የከሰል ጋሪ የላትም። የውኃውና የከሰሉ ክብደት በስምንቱ መንኮራኩሮች ላይ ያርፋል፤ ስምንቱም ይገፋሉ፣ ዝም ብሎ የሚከተል የለም። ወደፊትም ወደኋላም እኩል ስለምትሄድ በየጣቢያው ማዞሪያ መሥራት አያስፈልግም። ጉድለቷ ደግሞ ከዚሁ ይመጣል። የምትይዘው ጥቂት ነው፣ ውኃው ባለቀ መጠን ክብደቷም ሐዲዱን የመንከስ አቅሟም ይቀንሳል። ስለዚህ መንገድ ላይ እየቆመች ውኃ ትሞላለች።

እነዚህን የ442 ማሽኖች በ1938 የሠራቸው የጣሊያኑ ኩባንያ አንሳልዶ ነው። «የፋሺስት ብረት ነው፣ ለምን ትጨነቅለታለህ?» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። መስመሩ ለቅኝ ግዛት መሠራቱንና በ1935 ኢትዮጵያን ለወረረው ጦር ዕቃ ማመላለሱን አልክድም፤ ሊረሳም አይገባም። ነገር ግን ከሰል ሲያቃጥልና ብረት ሲቀጠቅጥ ዕድሜውን የፈጀው ብዙው የአገሬው ሠራተኛ ነው። በ1970ዎቹ በጦርነቱ ምክንያት ባቡሩ ሲቆም ሐዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ ውሏል። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ያ ብረት ከየምሽጉ ተለቅሞ መስመሩ እንደገና ተዘረጋ፤ ጡረታ የወጡ አዛውንቶች ተጠርተው ማሽኖቹን ጠገኑ። በ2003 ባቡሯ አስመራ ገባች።

ይህን ማድረግ የተቻለው በአዛውንቶቹ እጅ ብቻ ሳይሆን በማሽኗ ጠባይም ነው። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ የተደበቀ ነገር የለም። ያለቀው ብረት በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይለካል፣ ቀልጦ ይቀረጻል፣ ተሞርዶ ይገጠማል። ከውጭ አገር ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ አይጠበቅም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ባቡሯ በአብዛኛው የወጣችው ጎብኚዎች ተሰባስበው ሲከራዩአት ነው። ይህ አይበቃም። እሳት ሳያይ የሚቆም ቦይለር ይዝጋል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የሙያው መጥፋት ነው። የኛም ቤት ከዚህ አይሻልም። 784 ኪሎ ሜትር የነበረው የአዲስ አበባ ጅቡቲ አሮጌ መስመር በኤሌክትሪኩ ከተተካ ዓመታት አለፉ፤ በድሬዳዋው ጋራዥ የኖሩት ሰዎች የሚያውቁት ነገርም ተጠይቆ መጻፍ አለበት። አስመራ ላይ የምጠይቀው ግን ከመጻፍ ያለፈ ነው፤ ባቡሯ አጭር መንገድም ቢሆን በየሳምንቱ ትንቀሳቀስ፣ ወጣቶችም ደመወዝ እየተከፈላቸው ይማሩባት።

መጽሐፍ የማያስተምረው ነገር አለና። ዳገት ላይ የፊተኛው ሞተር መንኮራኩር ሲንሸራተት የተቀበለውን እንፋሎት ቶሎ ስለሚጨርሰው ጉልበቱ በራሱ ይወርዳል፤ የኋለኛው ሲንሸራተት ግን እንፋሎቱ ወደ ፊት ተገፍቶ መሐል ላይ ይጠራቀማል። የጭስ ማውጫው ምት ይለወጣል፤ የለመደ ነጂ የትኛው እንደከዳው ሳያይ፣ በጆሮው ብቻ አውቆ የእንፋሎቱን እጀታ መለስ ያደርጋል። ይህን በጆሮ የሚለዩት ሰዎች በ1994 ሲጠሩ እንኳ ሽማግሌዎች ነበሩ።