አሥር ሰው ይደር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ወቀሳው ከእኔ ይጀምራል።

በ2011 መጋቢት መጨረሻ ላይ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ፣ ከደባርቅ በአይሱዙ ተጭነው ከወጡት አንዱ ነበርኩ። ሁዳዴ ነበር። ገበሬዎቹ ጾማቸውን ሳይፈቱ በእግራቸው ቀድመውናል። በእጃችን የነበረው የአስታ ቅርንጫፍና እርጥብ የማዳበሪያ ጆንያ ብቻ ነው። ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ይመጣል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይደፋል።

ከጎኔ አሥራ አራት ዓመት ቢሞላው የሚገርመኝ ልጅ ነበር። የኮንጎ ጫማው ሶል ቀልጦ መሬቱ ላይ ይጣበቅበታል። እግሩን ነጠቅ ያደርግና እሳቱን ይመታል። ደግሞ ይጣበቃል፣ ደግሞ ይነጥቃል። «ውረድ አንተ ልጅ» አልኩት። ዞሮም አላየኝ።

አሥር ሰዓት ገደማ ነበልባሉ ወደቀ። ተቃቀፍን፣ አለቀስን። አንድ ሽማግሌ ግን ተንበርክከው የተቃጠለ የጓሳ ሣር ጉቶ ሥር እጃቸውን ሰደዱ። ወዲያው መለስ አደረጉት።

«አልጠፋም» አሉ። «ሥሩ ውስጥ አለ። ነፋስ ሲያገኝ ይነሳል። አሥር ሰው ይደር።»

አርባ እንሆን ነበር። ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል። ብርዱ ጀምሯል። ከመሀላችን አንዱ «አባቴ፣ ጠፍቷል እኮ፣ አይስጉ» አላቸው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ሄጄ መኪናው ላይ ወጣሁ። እሳቸው፣ ያ ልጅና አንድ ጎረቤታቸው ቀሩ። ሦስት ሰው፣ ለዚያ ሁሉ ቁልቁለት!

እኛ እየጨፈርን ወረድን። ኔትወርክ ሲመጣ ፎቶ ለጠፍኩና «እሳቱ ጠፋ፣ እንኳን ደስ ያለን!» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሊወጡ ተዘጋጅተው የነበሩ ልጆች ያንን አይተው ቀሩ። ይህን ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። በሦስተኛው ቀን ከዚያው ቁልቁለት ጭስ ተነሳ። የፓርኩ እሳት በሙሉ ከእኛ ተነሳ አልልም። የእኛ ቁልቁለት ግን ሁለተኛ የነደደው እኛ ስለወረድን ነው። ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ለእናንተም አልችልም።

ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሚያዝያ ላይ እሳቱ እንደገና ሲበረታ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት አጥፊ ከእስራኤል መጣልን። እግዜር ይስጣቸው። እኛስ ምን ላይ ነበርን? ፌስቡክ ላይ «ማን ለኮሰው?» እየተባባልን፣ አንዱ የሌላውን ዘር እየሰደበ። ዋልያ ከዚያ ተራራ ሌላ አገር የለውም። እኛ ግን ጠላት ፍለጋ ላይ ነበርን።

በ1992 ባሌና ቦረና ላይ ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን ሲቃጠልም ተማሪው፣ ገበሬው፣ ወታደሩ ቅጠል ይዞ ወጥቷል። ከ19 ዓመት በኋላም የያዝነው ቅጠል ነው። ጀግንነት መቼም አልጎደለንም። የጎደለን እሳቱ ከወደቀ በኋላ ያለችውን አንዲት ሌሊት የሚያድር ሰው ነው። አካፋና ዶማ በጥቅምት የሚያዘጋጅ፣ ሣሩ ሳይደርቅ የእሳት መከላከያ መስመር የሚጠርግ ሰው ነው። ፎቶ የማይነሳበት ሥራ ስለሆነ ይሆን?

ሽማግሌውን ከዓመት በኋላ ሄጄ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እሳቸው ጨርሶ አላነሱትም። ሲሸኙኝ ብቻ ስስ ጃኬቴን አይተው፣ «ልጄ፣ ሌላ ጊዜ ጋቢ ያዝ። እዚህ ሌሊቱ ይከብዳል» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ እንደምመጣ አልተጠራጠሩም። እንደማድርም።

በጋው እየገፋ ነው፣ ወገኖቼ። ጋቢ ገዝቻለሁ። ዘጠኝ ሰው እፈልጋለሁ።