ውዳሴ ለወርቃማው ቬሎ

ጥምቀት አልፎ የጥር ቅዳሜዎች ሲመጡ ሀዋሳ ላይ ሁለት ፀሐይ ይወጣል። አንደኛው የተለመደው ነው። ሁለተኛው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት በፈርጥና በዶቃ ተለብጦ፣ ግራና ቀኝ በሚዜ ተደግፎ ከመኪና ይወርዳል። ነጭ ቬሎ ድሮ ቀረ። ደግሞስ ነጩ ከማን ወረስነውና ነው የምንቆጭለት? የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ስታገባ ዓለም ተከተላት፤ እኛም ከኋላ ደረስን። ወርቃማውን ግን ማንም አላወረሰንም። በገዛ ጣታችን ከቴሌግራም ጎርጉረን ያመጣነው ነው። ስለዚህ ነቃፊ አፉን ይያዝ፤ እኛ ልናወድሰው ተነስተናል።

ውዳሴው ከአመራረጡ ይጀምራል። ድሮ ሙሽራ ጨርቅ ትዳስስ ነበር፤ አሁን ስክሪን ትዳስሳለች። ቻናሉ ላይ የተለጠፈችው ሞዴል መለሎ ናት። ቀሚሱ ልኳ እንዲመስል ከጀርባዋ በመቆንጠጫ ተሰብስቦ እንደሆነ ፎቶው አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። ከስሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል፤ በውስጥ መስመርም የሚጠየቀው ዋጋ ብቻ ነው። የጀርባውን ፎቶ፣ የገበሩን፣ የደረቱንና የወገቡን ልክ በሴንቲሜትር፣ ከዚያም አልፋ መስኮት አጠገብ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ የምትጠይቅ ሙሽራ ብትገኝ ነገረኛ ትባላለች። ጨዋዋ ቀብዱን ትልካለች። ቀሚሱም ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣና፣ ሲከፈት ወርቁ ሰናፍጭ ሆኖ ይገኛል። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይባልና ይለበሳል።

ሱቅ ገብታ የምትመርጠዋም ብቻዋን አትሄድም። እናት፣ ሁለት አክስቶች፣ አራት ሚዜዎች፣ ለታዛቢነት አንዲት ጎረቤት፣ በስልክ ደግሞ ዱባይ ያለችው እህት አሉ። የጉባኤው መመዘኛ ግልጽ ነው፤ ከርቀት አብልጦ ያበራ ያሸንፋል። የሱቋ ልጅ «በሞትኩት! ላንቺ የተሰፋ እኮ ነው!» ትላለች፤ ቅድም ለወጣችውም እንዲሁ ብላት ነበር። አክስት «እስቲ ዙሪ» ይላሉ። እህት ከዱባይ «ስልኩን ራቅ አርጉት» ትላለች። ሙሽራዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ብብቴ ስር ይወጋኛል» ስትል ጉባኤው ያለ ድምፀ ተአቅቦ ይወስናል፦ «ላንድ ቀን ነው፣ ቻይው።» ወንበር ስጧት፣ ትቀመጥበት፤ እጇን ሽቅብ ታንሳ፤ ትከሻዋን ትንሽ ትስበቅበት የሚል አንድ ሰው አይገኝም። ቬሎ የሚመረጠው ቆሞ ነው፤ የሚዋልበት ግን ተቀምጦና ተጨፍሮ ነው። ይህ ልዩነት የሚያሳስበው የለበሰችውን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ድምፅ የላትም።

ወርቃማ ሲባል አንድ ቀለም የሚመስለው ካለ ገና ገበያ አልወጣም። ወደ ክሬም ያደላ ሻምፓኝ አለ፣ ወደ ቀይ የሚሄድ ሮዝ ጎልድ አለ፣ ጠቆር ብሎ ያረጀ ነሐስ የሚመስል አለ፣ ውስጡ አረንጓዴ ያዘለ ቢጫም አለ። ጠይሟን የሚያደምቅ ሞቅ ያለ ወርቅ ቀይ ዳማዋን ከሆስፒታል የወጣች ሊያስመስላት ይችላል። መለያው ቀላል ነበር፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሱቁ በር ላይ ወጥቶ፣ ጥላ ውስጥ ቆሞ፣ ቀሚሱን አንገት ስር አስጠግቶ ማየት። ዓይን መጀመሪያ ፊቷ ላይ ካረፈ ይሆናል፤ ቀሚሱ ላይ ካረፈ አይሆንም። ግን በር ላይ ከተወጣ ሰው ያያላ! ሰርፕራይዙ ይበላሻል። በሱቁ ቢጫ አምፖል ስር ደግሞ ሁሉም ቀሚስ ወርቅ ነው፤ ሁሉም ሙሽራ ንግሥት ናት፤ ቀብድ የማይቀበል ባለ ሱቅም የለም።

ክሩን ሳናነሳ ብናልፍ ውዳሴው ጎዶሎ ይሆናል። ዛሬ የወርቅ ክር የምንለው አብዛኛው፣ ካባው ላይ ያለውም ቢሆን፣ ስስ የፖሊስተር ልባጭ ላይ አሉሚኒየም ተቀብቶ ከላዩ ቢጫ ቀለም የተደረበበት ነው። በተፋተገ ቁጥር ቢጫው ይለቅና ከስሩ ብሩ ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚለቀው ብብት ስር ነው፤ ከዚያ የሙሽራው ክንድ የሚያርፍበት ወገብ፣ ከዚያ መቀመጫ። የኪራይ ቬሎ ስንት ሰርግ እንደከረመ ማወቅ የፈለገ ብብቱን ገልጦ ይይ። ወርቅ ተከራይታ ብር የምትለብስ ሙሽራ ግን መከፋት የለባትም፤ ሁለት ማዕድን ባንድ ኪራይ አግኝታለች።

የዶቃው ምስጢር ያለው ደግሞ በግልባጩ ነው። ቀሚሱ ሲገለበጥ ዶቃው በአንድ ረጅም ክር፣ ሳይቋጠር፣ ከትከሻ እስከ ወገብ ወርዶ ከታየ፣ ክሩ አንድ ቦታ ሲበጠስ ረድፉ በሙሉ ይከተላል። በየ3 እና 4 ሴንቲሜትሩ ቋጠሮ ካለው የሚረግፈው ጥቂት ነው። በሙጫ የተለጠፈ ፈርጥ ከሆነ፣ ጨርቁን በሁለት ጣት አጠፍ ሲያደርጉት ጠርዙ ይነሳል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከዋለማ ሙጫው ይላላል። ይህን ሁሉ ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እኛ ግን የቀሚስ ውስጥ መግለጥ ነውር ስለሆነብን አናየውም፤ በሰርጉ ቀን ከቀይ ምንጣፉ እስከ ኬኩ ጠረጴዛ ወርቅ እንዘራለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል ነበር። አሁን የምታፈሰው ሙሽራዋ ናት፣ የሚለቅሙት ሚዜዎቿ ናቸው፣ ሰኞ ጠዋት ቀሚሱ ሲመለስ የጎደለውን ቆጥራ ከመያዣው ላይ የምትቀንሰው ባለ ሱቋ ናት። ሥራ ክፍፍል ማለት ይህ ነው።

ወደ ልብስ ሰፊው የምንሄደው ሐሙስ ነው፤ ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት መሄድ ደስታውን ይቀንሳል። የምንጠይቀውም ትንሽ ነው፦ «ከታች 6 ሴንቲሜትር አሳጥርልን፣ ከጎን ደግሞ ጠበብ።» ፈርጥ ያለበት ጨርቅ ግን እንደ ሱሪ እግር ታጥፎ አይሰፋም። ስፌቱ በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ በግራም በቀኝም አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ፈርጡ በእጅ መለቀም አለበት፤ ያለዚያ መርፌው ይሰበራል። ከተሰፋ በኋላ የተለቀመው በእጅ ተመልሶ ይተከላል። የታችኛው ጠርዝ ጥልፍ ካለውማ ከታች አይነካም፤ ወገቡ ተፈትቶ ከላይ ነው የሚያጥረው። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሁን ሲባል ልብስ ሰፊው ፈርጡን ሳይለቅም ይሰፋል፣ የጎኑ ስፌት እንደ መጋዝ ይሆንና የሙሽራዋን ክንድ ከውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሞርዳል። አርብ ማታ አንዷ ተቆርቋሪ ዘመድ «ተጨማድዷል» ብላ ካውያ ታሳርፍበታለች። ፈርጡ ፕላስቲክ ነው፤ በገበሩ በኩል በእንፋሎት ካልሆነ ካውያ አይወድም፤ ይኮማተራል። በዚያ ላይ ሙሽራዋ ለልክ የሄደችው በነጠላ ጫማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 10 ሴንቲሜትር ተረከዝ ላይ ስትወጣ ቀሚሱ ሽቅብ ይቀራል፤ ጫማዋ፣ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከቀሚሱ ስር የለበሰችው ጁፖን ጫፍም ለሕዝብ ይታያል። ጥፋቱ የልብስ ሰፊው ነው፤ የማን ሊሆን ኖሯል?

ክብደቱንም እናመስግን። ከላይ እስከ ታች በዶቃ የተሠራ ቬሎ 8 እና 10 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ይህ ሸክም ወገብ ላይ ካላረፈ ሌላ የሚያርፍበት የለም፤ ለዚህ ነው በደንብ የተሠራ ቬሎ ከውስጥ፣ ወገቡ ላይ፣ 3 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠንካራ ጥብጣብ ከነመንጠቆው ያለው። መጀመሪያ እሱ ይቆለፋል፣ ከዚያ ዚፑ ይዘጋል። ጥብጣብ የሌለው፣ ትከሻም የሌለው ቬሎ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሙሽራዋም በሁለት እጇ ደረቷን ይዛ ሽቅብ ትጎትታለች። በየቪዲዮው የሚታየው ይህ እንቅስቃሴ ጭፈራ የመሰላቸው ሕፃናት ሲደግሙት ይታያሉ። በተክሊል ለምታገባዋ ደግሞ ካባው ይደረብላታል። ጉባኤው ስንት ቀን የተጨቃጨቀበት የደረት ጥልፍ ካባ ስር ይውላል፣ ትከሻዋ ሁለት ወርቅ ይሸከማል፣ እኛም ቆመን «እንዴት ሞገስ አላት!» እንላለን። ዝም ብላ የቆመችው መንቀሳቀስ ስላቃታት ነው።

ከዚያ ፎቶ። ሐይቁ ያለው ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ፣ ውሃውን ከጀርባዋ አድርጋ የቆመች ሙሽራ ፀሐይዋም ከኋላዋ ናት። ፊቷ እንዳይጠቁር ፎቶ አንሺው ፊት ለፊት ፍላሽ ይተኩሳል። ፍላሹ ፈርጡ ላይ አርፎ ወደ ካሜራው ይመለሳል፤ ብርሃን በራሱ እንዲለካ የተተወ ካሜራም ያን ሁሉ ብልጭታ አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል። ቀሚሱ ይነድዳል፣ ፊቷ ይጨልማል። ፍላሹን ወደ ጎን አርቆ በነጭ ጃንጥላ ማለስለስ፣ ካሜራውንም በፊቷ መለካት መላ ነበር፤ ግን ከኋላ ሌሎች አምስት ሙሽሮች ተራ እየጠበቁ ማን ጃንጥላ ይተክላል? ነፋሱ ደግሞ ከሐይቁ ይነሳል። ዓይነ ርግቡ ይበርና ፈርጡ ላይ ይያዛል፤ ሲጎተት ወይ እሱ ይቀደዳል፣ ወይ ዶቃው ይረግፋል።

የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ የሆነውን አሞራ ገደልን ሳናነሳ አናልፍም። ዓሣ አጽጂዎቹ እየሠሩ ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሆድ ዕቃ እስኪወረወር ቆመው ይጠብቃሉ፣ በመሃል ባለ 2 ሜትር ጅራት ወርቃማ ቬሎ ያልፋል። ቅርፊቱን፣ አጥንቱን፣ የተላጠ የሙዝ ልጣጩን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። ጅራቱን ከጀርባ ሰቅለው የሚይዙ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ቁልፎችና ቀለበቶች ማስተከል ለልብስ ሰፊ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ግን ቁልፍ ከተተከለ ጅራቱን የሚይዙት ሚዜዎች በፎቶው ውስጥ ምን ሥራ ይኖራቸዋል? ወደ መኪናው ስትመለስ ደግሞ ሽቦ ያለው ጁፖን ይጠብቃታል። የኋላውን ሽቦ ከፍ አድርጋ ጠርዝ ላይ ካልተቀመጠች የፊቱ ይነሳና ቀሚሱ ፊቷን ይሸፍናል። ይህንን ማንም አስቀድሞ አይነግራትም፤ ሾፌሩ ግን አይቶ ያውቃል፣ ዞር ይላል።

አዳራሹ ውስጥ ዲኮሩ ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት አለው። ወርቅ የሚደምቀው ሞቅ ባለ ብርሃን ነው፤ በሰማያዊ መብራት ስር ወደ አረንጓዴና ወደ አመድ ይሄዳል። ለብርሃኑ ያን ያህል የተከፈለበት ቀሚስ እንግዳው ፊት ዛገ ማለት ነው። ለዲኮር ሠሪው «መድረኩ ላይ ሞቅ ያለ ነጭ አድርግልን» ማለት ወጪ የለውም፤ ግን ዲኮሩንና ቬሎውን የመረጡት ሁለት የተለያዩ ጉባኤዎች ናቸው፣ አይነጋገሩም።

ያኔ የወላይታ ሙዚቃ ይለቀቃል። ሀዋሳ ሰርግ ተደግሶ ይህ ሳይለቀቅ አይመሽም፤ ጭፈራው ደግሞ ወገብ ይፈልጋል። ሙሽራዋ የለበሰችው መርሜድ ነው፤ ከዳሌ እስከ ጉልበት ጥብቅ ብሎ፣ ከጉልበት በታች የሚዘረጋ፣ ፈርጡም አንዱ ካንዱ የሚጋጭ። ወገቧ ቢፈቅድ ጉልበቷ አይፈቅድም። አማቶቿ፣ አጎቶቿ፣ የሙሽራው የሥራ ባልደረቦች ላብ በላብ ሲሆኑ እሷ መሃል ቆማ በጣቶቿ ትጨፍራለች። ቡፌው ሲከፈትም ኮርሴቱ አለ፤ «ብዪ እንጂ» ሲሏት ፈገግ ትላለች። ወደ ውጭ ወጣ ለማለት ሁለት ሚዜዎች ቀሚስ ይዘው ይከተላሉ።

የውዳሴው ዘውድ ግን ጌጡ ነው። በጥሎሹ ቀን በሽማግሌ ፊት ተቆጥሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ፣ እልል የተባለለት ባለ 21 ካራት ሐብል ወርቃማ ፈርጥ ላይ ተደፍቶ ይውላል። ወርቅ ወርቅ ላይ አይታይም። ደረቱ አካባቢ አንድ መዳፍ የሚያህል ፈርጥ የሌለበት ቦታ የተተወለት ቀሚስ ቢመረጥ፣ ወይም ወርቁ ለመልሱ ቢቀመጥና ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ላይ ቢደረግ ቢያንስ ከመጋረጃው ይለይ ነበር። ይህንን የሚል ሰው ግን ጉባኤው ውስጥ ወንበር አልተሰጠውም።

አልበሙ በሁለተኛው ወር ይመጣል። አማት መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ገጽ በገጽ ያገላብጣሉ፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ያደርጉታል።

«ቀሚሱስ መልካም፤ ያመጣነው ሐብል የታለ?»

«ፎቶ አንሺው ነው ያበላሸው» ይላሉ አክስት።