ለክቡር ዝይ፦ መንገድ እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ለክቡር የካናዳ ዝይ
ማቲውስ ቢች፣ የበርክ-ጊልማን መንገድ
ሲያትል

ጉዳዩ፦ የእግረኛ መንገድ እንዲለቀቅ በትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ስኳሬን ለማውረድ በሐኪም ትእዛዝ በየማለዳው ሐይቁ ዳር የምራመድ፣ ትናንትም ፊትዎ ቆሜ አሥር ደቂቃ ያህል ደጅ የጠናሁ ሰው ነኝ። ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ነጭ ስኒከር ያደረግሁት ነኝ። አሁን ነጭ አይደለም።

የቆሙበት ቦታ የአባት ርስት መስሎዎት እንዳይሆን ታሪኩን ላስታውስዎ። (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ አድርጌዋለሁ፤ እርስዎ የእኛን አይቆጥሩም።) ያ ለስላሳ አስፋልት የባቡር ሐዲድ ነበር። በ1873 ኖርዘርን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ መዳረሻውን ለታኮማ ሰጥቶ ሲያትልን ጾሟን አሳደራት። ቶማስ በርክና ዳንኤል ጊልማን ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ተማክረው በ1885 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ባቡሩ ሐይቁን እየታከከ ግንድና የድንጋይ ከሰል አመላለሰ፤ መስመሩም እስከ ካናዳ ድንበር፣ እስከ ሱማስ ዘለቀ። እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡበት እለምንዎታለሁ፦ ስምዎን ወዳወረሰችዎ አገር የሚወስድ ባቡር በዚሁ ደጅ ሲያልፍ ከዘመዶችዎ አንድም አልተሳፈረም። በ1971 መስመሩ ቀረ፤ በ1978 የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኖ ተመረቀ። ባቡሩ አመለጠዎት፣ ክቡርነትዎ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ሐዲድ አቋርጬ ነው ትምህርት ቤት የተመላለስኩት። እዚያ ሐዲድ ላይ የተኛች ፍየል እንኳ የባቡሩን ጡሩምባ ስትሰማ ብድግ ትላለች። እርስዎ ሰባት ኪሎ የማይሞሉ ሆነው ከነቤተሰብዎ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ «እባክዎን» ስልዎ አንገትዎን ዘርግተው «እስስስ» ይሉብኛል። አቦ፣ አንተ ሰውዬ... ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ! ብስክሌተኞቹማ ይብሳሉ። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 15 ማይል ነው፤ እኔን «በግራህ!» ብለው ጆሮዬን ታክከው ያልፋሉ፣ እርስዎን ሲያዩ ግን ወርደው ብስክሌታቸውን ይገፋሉ።

የሕጉ ነገር ደግሞ ያንገበግባል። እርስዎን የሚጠብቀው የ1918ቱ የፌዴራል ሕግ የወጣው ለተሰዳጅ ወፎች ነው። እርስዎ ክረምት ከበጋ ከዚህ ሣር ንቅንቅ ብለው ያውቃሉ? እኔ መሰደዴን ለማስረዳት ስንት ወረቀት አስተርጉሜ፣ ስንት ወረፋ ይዤ፣ አንዷን ቀን ሦስት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። እርስዎ በስደተኛ ስም ተመዝግበው አንድም ቀን አልተሰደዱም፤ አንድም የጠየቀዎት የለም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ይዣት ወጣሁ። ገና ስታይዎ «የማን ናቸው? እረኛ የላቸውም?» አለች። የመንግሥት ናቸው አልኳት። በሆዴ ግን፣ ይሄ ብልቱ ቢወጣ ከዶሮ 12 አያልፍም? እያልኩ ነበር። አፌ አምልጦኝ ብነግራት ቆጣ አለች፦ «በስመ አብ! ጣቱ እንደ ሸራ መያያዙን አታይም? አይበላም!» እንግዲህ በአሜሪካ ሕግ አይነኩም፣ በእናቴ ሕግ አይበሉም። እንዲህ ያለ ያለመከሰስ መብት የፓርላማ አባልም የለው።

በበጋ የክንፍዎ ላባ ረግፎ ለሳምንታት መብረር እንደሚያቅትዎ አውቃለሁ፤ በእግርዎ መሄድዎን አልቃወምም፤ እኔም ክንፍ የለኝም። ግን ሐይቁ ራሱ ቦታ ለቋል እኮ! በ1916 ለመርከብ ቦዩ ሲባል ዋሽንግተን ሐይቅ 9 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ ዳርቻው ሰፋ። ሣሩን ሁሉ ይውሰዱት። ውኃውንም። እኔ የምጠይቀው ከአስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ አንድ ክንድ ተኩል ብቻ ነው፤ እሷንም ከጠዋቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ከኩስ ነጻ ሆና።

ምላሽዎን በትዕግሥት እጠብቃለሁ። እባክዎን በጽሑፍ ይሁን፤ እስካሁን መሬት ላይ የተዉልኝን ምላሽ ረግጬዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በግራም በቀኝም ማለፍ ያቃተው እግረኛ

ግልባጭ፦
ለባለቤትዎና ለስድስት ልጆችዎ
ለስኳር ሐኪሜ (እርምጃዬ ለምን እንዳነሰ እንዲያውቁት)
ለቀድሞው ነጭ ስኒከሬ
ባሉበት