ዜሮን በርስትነት የያዘች አገር

ኦስሎ ውስጥ በሜይ ወር፣ ዩሮቪዥን የሚባለው የዘፈን ውድድር በሚተላለፍበት የቅዳሜ ምሽት፣ ፈረንጅ ጎረቤትን ቡና ልጥራ ብሎ ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። አገሬው ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩሏልና የሚመጣ ሰው አይገኝም። እኔም ከሰው አገር ሰው ጋር አብሬ ከኖርኩ አብሬ መሸነፍም ይገባኛል ብዬ፣ ይህችን ምሽት ከባለቤቴ፣ ከእድራችን ገንዘብ ያዥና ከበላያችን ካለው ፎቅ ከሚኖሩት ኖርዌያዊት አሮጊት ጋር ማሳለፍ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አሮጊቷ፣ በቋንቋቸው አንቱታ ከአገልግሎት ውጪ ከሆነ ስለቆየ፣ በስማቸው እንድንጠራቸው ደጋግመው ለምነውናል። እኛ ግን በሰማንያ ዓመታቸው «አንቺ» ብለን ከምንጠራቸው አገሩን ለቀን ብንሄድ ስለሚሻለን እማማ እንላቸዋለን።

ኖርዌይ በዚህ ውድድር መሳተፍ የጀመረችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ነው። እስከ ዛሬም በ1985፣ በ1995 እና በ2009 ሦስት ጊዜ አሸንፋለች። ይህን ለእማማ ስታነሱባቸው ግን የሰው ገመና እንደተነሳባቸው ሁሉ ቶሎ ወሬ ይለውጣሉ። ወገባቸው የሚቀናውና ዓይናቸው የሚበራው አገራቸው መጨረሻ የወጣችባቸውን ዓመታት ሲቆጥሩ ነው፤ ያንንም እንደ ዳዊት በቃላቸው ያወርዱታል። በተለይ አንድም ነጥብ ያልተገኘባቸው አራቱ ዓመታት፣ ማለትም 1963፣ 1978፣ 1981 እና 1997፣ በእርሳቸው አነጋገር እንደ አባት ርስት ናቸው።

ከአራቱም የ1978ቱ የተለየ ክብር አለው። በዚያ ዓመት ያን ቴይገን የተባለ ዘፋኝ ፓሪስ ላይ ቀርቦ ሱሪውን የያዘለትን ማንጠልጠያ እያስፈነጠረና ወደ ላይ እየዘለለ ዘፈነ። የዘፈኑ ርእስ «ማይል በማይል» የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፣ የኖርዌይ ማይል ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሰውየው ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ከ19ኙ ተወዳዳሪ አገሮች አንዷ እንኳ አንድ ነጥብ ሳትጥልለት ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላም ፊን ካልቪክ የተባለ ሌላ ዘፋኝ «በሕይወቴ ፈጽሞ» የሚል ትርጉም ያለው ዘፈን ይዞ ሄደ፤ ዳኞቹም ርእሱን ቃል በቃል ፈጸሙለት።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ላይ ቢደርስ ምን ይከተል እንደነበር ለማሰብ ብዙ መድከም አያሻም። ባለ ዜሮው ዘፋኝ በሌሊት አውሮፕላን ገብቶ በጓሮ በር ወደ እናቱ ቤት ይሾልካል፣ ዘመዶቹ ተደግሞበት ነው ይላሉ፣ የሠፈሩ አዋቂዎች ዳኞቹ ከድሮም እንደጠመዱን በማስረጃ ያስረዳሉ፣ በመጨረሻም ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሞ የውሎ አበሉ ነገር ሌላ ኮሚቴ ይወልዳል። ቴይገንን ግን ሕዝቡ እንደ ድል አድራጊ አቀፈው። ዜሮ ያመጣው ዘፈን አገር ቤት ከሁሉ በላይ ተደማጭ ሆነ፤ ሰውየውም በ1982 እና በ1983 ሁለት ጊዜ እንደገና ተልኮ እንደ አለመታደል ነጥብ አገኘ።

ይህ ሕዝብ ሽንፈት የማይሰማው እንዳይመስላችሁ። በክረምት ኦሊምፒክ ከሁሉም አገር በላይ ሜዳሊያ የሰበሰበው ኖርዌይ ነው። እኛ በ10 ሺህ ሜትር ብር ያመጣን ሯጭ «ምን ነካው?» እንደምንለው ሁሉ፣ እማማም በበረዶ ሸርተቴ ሁለተኛ የወጣ ልጅ ሲያዩ የሐዘን ፊት ያሳያሉ። በዘፈን ጊዜ ግን የአገሬው የይሉኝታ ሕግ ይነሳባቸዋል። ይህ ሕግ «ያንተሎቨን» ይባላል። ገንዘብ ያዣችን መጀመሪያ ሲሰሙት ስለ ንብረት የሚደነግግ መስሏቸው «የኔስ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ኋላ እንደተረዳነው ግን ሕጉ ማንም ሰው ከሌላው እበልጣለሁ ብሎ እንዳያስብ የሚከለክል ነው። ስለዚህ በዘፈን አንደኛ መውጣት በድግስ መሐል ከሰው ቀድሞ ሥጋ እንደማንሳት ያሳፍራል።

በ2009 አሌክሳንደር ሪባክ የተባለ ሚንስክ የተወለደ ወጣት ሞስኮ ላይ 387 ነጥብ ሰብስቦ፣ ያውም በብሔራዊው በዓል ዋዜማ፣ ሲያሸንፍ እማማ ደስ አላቸው፤ ግን ጭንቀትም ነበረባቸው። ቫዮሊን እየመታ ስለዘፈነ በእኛ ቤት እስከ ዛሬ «ያ አዝማሪው» ነው የሚባለው። ጭንቀታቸው ግን መሠረት ነበረው፤ ያሸነፈ አገር የሚቀጥለውን ዓመት ድግስ ይደግሳልና። የአገሩ የሕዝብ ቴሌቪዥን ለድግሱ ወጪ ገንዘብ ቢያጥረው፣ በ2010 በደቡብ አፍሪካ የሚካሄደውን የዓለም ዋንጫ የማስተላለፍ መብቱን ሸጠ። ለሠርግ በሬ መሸጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀችውን የዓለም ዋንጫ ለዘፈን ድግስ ማዋጣት ገንዘብ ያዣችንን እጅግ አስቆጣቸው፤ ሁለት ሳምንትም ከእማማ ጋር ሰላምታ ብቻ ሆኑ።

ያስታረቃቸው የ2011 ውድድር ነው። በዚያ ዓመት ኖርዌይን የወከለችው ናይሮቢ የተወለደችው ስቴላ ሙዋንጊ ስትሆን፣ የዘፈኗ ርእስም ሆነ አዝማቹ ስዋሂሊ ነበር። «ሀባ ሀባ» ማለት ጥቂት በጥቂት ማለት ሲሆን፣ ሙሉው ተረት ጥቂት በጥቂት ቁና ይሞላል የሚል ነው። ገንዘብ ያዣችን ይህን እንደሰሙ «ይቺማ የሞያሌ ማዶ ልጅ ናት» ብለው ዘመቻ አወጁ። እርሳቸው የዩሮቪዥንን አሠራር ከእኛ ሁሉ ቀድመው የተረዱ ሰው ናቸው። ግሪክና ቆጵሮስ ከፍተኛውን 12 ነጥብ ሲቀባበሉ አይተው «ይኼ ዘፈን አይደለም፣ ውለታ ነው፤ ለልጄ ሠርግ ያመጣህልኝን ለልጅህ ሠርግ እመልስልሃለሁ ነው» ካሉ ወዲህ፣ ማን ለማን ስንት እንደሰጠ በእድሩ ደብተር የጀርባ ገጾች ላይ ይመዘግባሉ።

ዘመቻው ግን ከደንቡ ጋር ተጋጨ። አንድ አገር ለራሱ ድምፅ መስጠት ስለማይችል እኛ ኦስሎ ያለነው ከጨዋታው ውጪ ሆንን። ስለዚህ ስቶክሆልም ላለው የአክስቴ ልጅ ተደወለና ጓደኞቹን እንዲያስተባብር አደራ ተባለ። እርሱም የምሥራቅ አፍሪካን ክብር በእጁ እንደያዘ ተሰምቶት ሲያስተባብር ሰነበተ፤ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ግን ስዊድን የተመደበችው በሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ በመሆኑ ስቴላ ለምትዘፍንበት ለመጀመሪያው ግማሽ ፍጻሜ ድምፅ እንደማትሰጥ ታወቀ። ስቴላ ጥቂት በጥቂት 30 ነጥብ ሰበሰበች። ቁናው ግን አልሞላም፤ ከ19 አገሮች 17ኛ ሆና ወደ ፍጻሜው ሳታልፍ ቀረች። የእኛ ቋንቋም ቢሆን የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በ2020 እስራኤልን እንድትወክል የተመረጠችው ቤተ እስራኤላዊቷ ኤደን አለነ «ፍቅር ልቤ» የሚል ዘፈን ይዛ ስትዘጋጅ፣ ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። አማርኛ ዩሮቪዥን ደጃፍ ደርሶ የተመለሰው እንዲህ ነው።

በ2024 ማልሞ ላይ ለፍጻሜ ከቀረቡት 25 ዘፈኖች የኖርዌይ ዘፈን በ16 ነጥብ 25ኛ ወጣ። እማማ ብርጭቋቸውን ይዘው ተነሡና ይህ አሥራ ሁለተኛው መጨረሻ መሆኑን አበሰሩ። ገንዘብ ያዣችን ደብተራቸውን አገላብጠው ካመሳከሩ በኋላ «እንግዲህ 12 ነጥብ ሞላችሁ» ብለው መዘገቡ።

ወዲያው ከስቶክሆልም ስልክ ተደወለ። የአክስቴ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እግዜር ያጽናችሁ፣ ለእማማም ንገርልኝ» አለኝ። እማማ ምን እንደሚል ሲጠይቁኝ ጨንቆኝ «እንኳን ደስ አላችሁ ይላል» አልኳቸው። እርሳቸውም በአክብሮት ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «አመሰግናለሁ በልልኝ፤ ስዊድንም ተስፋ አትቁረጥ፣ አንድ ቀን ይሳካላታል» አሉኝ።